የጌታነህ ለስላሳ ጥይት

እናንተ ልጆች፣ ተኩስ መለማመጃ ሬንጅ ሄዳችሁ ትልቁን ካሊበር ለወሬ የምትተኩሱ፣ እስቲ ስሙኝ። ኅዳር ነው፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። እኔ እዚሁ ፈረንጅ አገር ካለችው አሌክሳንድሪያ፣ ጓደኛዬ ጌታነህ ከጎረቤት ከተማዋ በርክ ተነስተን ለቅበላ የሚሆን አጋዘን ፍለጋ ወደ ተራራው ወጣን።

የእኔ ፎርቲ ፎር ማግነም ሪቮልቨር ሽጉጥ ሲተኮስ እንደ በቅሎ ይራገጣል፤ ሁለቴ ከተኮስኩ የእጄ አንጓ ያድራል ሲያመኝ። ጌታነህ ደግሞ ጥይት ራሱ ጋራዡ ውስጥ ይሞላል፤ ያገለገለ ቀለህ ሰብስቦ፣ ባሩድ መዝኖ፣ የእርሳስ አረር ይገጥማል። «ባሩዱን ቀነስ አድርጌልሃለሁ፤ ለእጅህ ይመቻል፣ አጋዘንም ይጥላል» ብሎ አንድ ሳጥን ሰጠኝ። ሞከርኩት። ወይ ምቾት! ምቾቱ ራሱ አስጠረጠረኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? አምና እኔ ዒላማ ስስት እሱ አጋዘን ጥሎ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ድረስ አውርቶብኛል። ዘንድሮም በደካማ ጥይት ሊያሳፍረኝ ቢሆንስ? አልፈልግም እንዳልል ይሉኝታ ያዘኝና ሽጉጤን አጎረስኩት።

ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ቅጠሉ ርሷል። ጭቃው ላይ ያለው ኮቴ ጠርዙ ገና አልፈረሰም። ብዙ ሳንሄድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ብቅ አለ፤ ተኮስኩ፣ ወደቀ።

የዚህ አገር አዳኝ ቢሆን እስኪሞት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኛ ግን ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ብለን ካላረድነው ቤታችን ማን ይቀምሰዋል? ጌታነህ ቢላውን መዞ ሮጠ።

«ተው አንተ ሰው! ጥይትህን አላምነውም!»

«ሳይሞት ልድረስበት!»

ቀንዱን ይዞ «በስመ አብ ወወልድ» ሲል አጋዘኑ ተነሳ። ጌታነህን በቀንዱ አንስቶ ከዛፍ ግንድ ጋር አጣበቀው። ቢላው ወደቀ፤ ቀንዱ ጃኬቱን ቀዶ ገብቷል። ሮጬ ከጎን ደረስኩ። በአጋዘኑ አንገትና በጌታነህ ደረት መሃል ያለው ስንዝር አይሞላም። እጄ ትንሽ ከዘለለ የምገድለው እሱን ነው። ጥይቱ ደካማ ከሆነ ደግሞ አውሬውን አስቆጥቼ አስጨርሰዋለሁ። እግዚኦ!

«ጥይትህ ግን…»

«ተኩስ ነው የምልህ!»

ተኮስኩ። ሽጉጡ እጄ ላይ ነቅነቅ እንኳ አላለም፤ አጋዘኑ ጌታነህ እግር ሥር ተዘረረ።

ስናየው ሁለተኛው ጥይት አንገቱን ሰብሮታል። የመጀመሪያው ሆዱን በስቶ በሌላ በኩል ወጥቷል፤ ቦታውን የሳትኩት እኔ እንጂ ጥይቱስ አልደከመም። ሳይታረድ ስለሞተ ሥጋውን ላደንንበት መሬት ባለቤት ሰጠን፤ ቅበላውን ሴቨን ኮርነርስ ካለ የሐበሻ ሥጋ ቤት ገዛን።

መኪና ውስጥ ጎኑን ደግፎ እያቃሰተ፣ «ጥይቱን ለምን እንዳለሰለስኩልህ ታውቃለህ?» አለኝ። «ምላጩን ስትስብ ርግጫውን ፈርተህ ዓይንህን ትጨፍናለህ። አምና አይቼሃለሁ። ሰው ፊት እንዳልነግርህ ብዬ ነው።»

አፈርኩ፤ አለቀስኩም። ከዚያ ወዲህ ዒላማ ስስት መጀመሪያ የምጠረጥረው ዓይኔን ነው። ጥይቴንም እሱ ይሞላልኛል። እሱ ግን አልተማረም፤ አጋዘን ሲወድቅ ካየ ዛሬም ቢላ መዞ ይሮጣል። ቀበቶውን ጨብጬ እይዘዋለሁ።

«ሥጋው ይቅርብን፤ አንተ ትበልጥብኛለህ» እለዋለሁ።