ሬይኖ በውሻ ሳጥን የተጫነ ዕለት

ሬይኖ ራውቲዮ ሄልቪን ባገባ በመጀመሪያው የበረዶ ወራት አንድ ውሻ ገደለ። አስቦበት አልነበረም፤ ግድ ስላልነበረው ነው።

ውሻው ከላጤነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረ ቡናማ አዳኝ ነበር። ሬይኖ እንደ ልማዱ አንገቱን በገመድ አስሮ የፒካፑ ካሶኒ ላይ ወረወረው፤ ሄልቪን ጋቢና አስገባና ወደ ጫካ ነዳ። የካሶኒው ወለል ግግር በረዶ ይዞ እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ ገመዱም ረጅም ነው። ከእንጨት መሰንጠቂያው አለፍ ብሎ ያለው ኩርባ ላይ ሲደርሱ ሄልቪ ከኋላዋ ጆንያ የወደቀ የመሰለ ድምፅ ሰማች። ወዲያው አንድ ነገር የመኪናውን ጎን ይደበድብ ጀመር።

«ሬይኖ፣ ቁም! ውሻው ወደቀ!»

«ዳገት ላይ ከቆምኩ ማን ይገፋልኛል? አንቺ?»

ዳገቱን ጨርሶ ሜዳ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወረደ፣ አየ፣ ቢላውን አወጣ። የተረፈውን ገመድ ጠቅልሎ መቀመጫው ሥር አስቀመጠና ሬሳውን በጫማው ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጨመረው። «ገመዱ ረዝሟል» አለ ሞተሩን እያስነሳ።

ሄልቪ ያን ቀን አላለቀሰችም። በላይኛው ሚሺጋን፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ፣ ከፊንላንድ የመጡ ሰዎች ልጆች በሚኖሩበት በዚያ መንደር፣ ወንዶቹ ጣታቸውን በመጋዝ አጥተው በጨርቅ ጠቅልለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እዚያ ለውሻ የምታለቅስ ሙሽራ ሰዉ በሚታጠንበት ሳውና፣ በእንፋሎት ቤቱ፣ ወሬ ነው የምትሆነው። በረዶው ሲቀልጥ ግን ከአባቷ የፈረሰ ጎተራ ሳንቃ ለምና አመጣችና መዶሻ ያዘች።

ለሚቀጥለው ውሻ የሠራችው ሳጥን ትልቅ አልነበረም። ውሻ ዞር ብሎ እንዲተኛበት ብቻ የሚበቃ፤ ከዚያ ከሰፋ የገላው ሙቀት አይሞላውም። ወለሉን ከካሶኒው ብረት በርብራብ ከፍ አድርጋ ገለባ ጎዘጎዘችበት፤ ብርድ ልብስ ረጥቦ እንደ ድንጋይ ይደርቃልና። የጋቢናውን ጀርባ አስደግፋ በአራቱም ማዕዘን አሰረችው። አየር ማስገቢያውን በሁለቱ ጎኖች፣ ከላይ ከጣሪያው ሥር ቀደደች። የማርሚታውን ጭስ ከመኪናው ጀርባ ነፋሱ መልሶ ወደ ካሶኒው እንደሚያስገባው ታውቃለች፤ ስለዚህ ቧንቧውን አስቀጥላ ወደ ጎን አዞረችው። በሩ ላይ ሸራ ሰቀለች፤ ግን ሥሩን ክፍት ተወችው።

የሬይኖ የአደን ጓደኛ ጎረቤታቸው ኦንኒ ፔልኮላ መጥቶ ሳጥኑን ዞሮ አየው።

«የሬሳ ሳጥን ነው ወይስ ቤተ መንግሥት?»

«ሚስቴ ለውሻ እልፍኝ ትሠራለች» አለ ሬይኖ። «ነገ ደግሞ መጋረጃ ትሰቅልለታለች።»

«መጋረጃማ አለው» አለች ሄልቪ ሸራውን ገለጥ አድርጋ።

ኦንኒ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሬይኖ አልሳቀም። እሱ ሲቀልድ እንጂ ሲቀለድበት አይወድም ነበር። መጠጥ ቤት ውስጥ የሰው አንካሳነት፣ የሰው ድህነት፣ የሰው ሚስት በሬይኖ አፍ ያልተነገረበት ቀን አልነበረም፤ ሰዉም ነገ በኔ እንዳይመጣ እያለ አብሮ ይስቅ ነበር። ያን ዕለት ማታ ሄልቪ ያቀረበችለትን የድንችና የሥጋ ቅቅል ቀመሰና ሳህኑን ወለሉ ላይ ገለበጠው። «መጋረጃ ላለው ነው የሚሆነው» አለ። እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ ጠረገች።

ቱይስኩ የመጣችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የኦንኒ ውሻ ወልዳ ከቡችሎቹ መካከል አንዷ ቀጭጫ ነበርና ኦንኒ ባልዲ በውኃ ሞልቶ ሊነክራት ሲል ሄልቪ ደረሰች። «ልትሞት ነው የምትወስጂያት» አላት እየሰጣት። አልሞተችም። ሄልቪ በአባቷ ቋንቋ ቱይስኩ አለቻት፤ የበረዶ ውሽንፍር ማለት ነው። ስታድግ በዚያ አካባቢ የዱር ድመትን ዱካ እንደ እሷ የሚከተል ውሻ ጠፋ። ደረቷ ሰፊ፣ ድምፅዋ ከሁለት ኮረብታ ማዶ የሚሰማ ሆነች። ሬይኖ በየመጠጥ ቤቱ «የኔ ውሻ» ይል ጀመር። ልጅ ያልወለደችው ሄልቪ ግን ከአደን መልስ ውሻዋን በጆንያ ታደርቃታለች፤ በጣቶቿ መካከል የጋገረውን በረዶ ትለቅማለች፤ ከዚያ ነው ሳጥኑ ውስጥ የምታስገባት። መንገድ ላይም መኪናውን አስቁማ እጇን በሸራው ሥር ታስገባና ጆሮዋን ትዳብሳለች። ጆሮዋ ከሞቀ ውሻዋ ደህና ነች።

«አሁንም ልትዳብሻት ነው? ተጋቡና ይለይላችሁ!» ይላል ሬይኖ ከጋቢናው።

አደጋው የደረሰው በየካቲት ነው። ሦስቱ፣ ሬይኖና ኦንኒ ሄልቪም፣ በአንድ መኪና ወደ ረግረጉ የጥድ ጫካ ገብተው ነበር። ቱይስኩ ድመቱን ዛፍ ላይ አውጥታ ትጮሃለች፤ ሬይኖ ቀድሞ ለመድረስ ብሎ በወደቀ ግንድ ላይ ሮጠ። ግንዱ በበረዶ ተለብጦ ነበር። ሲወድቅ ዳሌው የደረቀ ቅርንጫፍ የተሰበረ ያህል ጮኸ። ሄልቪ ሰምታዋለች።

ኦንኒና ሄልቪ ዕቃ በሚጎትቱበት ሸርተቴ ላይ ጭነው እስከ መኪናው አደረሱት። ጋቢና ሊያስገቡት ሞከሩ። እግሩ አይታጠፍም፤ ባጠፉት ቁጥር እንደ ታረደ ከብት ይጓራል። ሐኪም ቤት ያለው ሩቅ ከተማ ውስጥ ነው፤ ነፋሱ መንገዱን በበረዶ እየሞላው ነው። እርዳታ ለመጥራት ሄዶ መመለስ ማለት ሰውየው ደርቆ መጠበቅ ማለት ነበር።

«ካሶኒ ላይ ነው እንጂ ሌላ መላ የለም» አለች ሄልቪ።

«እኔን?» አለ ሬይኖ። «እኔን ከኋላ?»

ሄልቪ መጥረቢያውን አነሳች። በመጥረቢያው ጀርባ የሳጥኑን በርና በሩ ያለበትን የኋላ ጎን መታ ጣለችው። ጭንቅላቱንና ደረቱን ወደ ሳጥኑ አስገቡ፤ ከወገቡ በታች ያለው ውጭ ቀረ። ያለውን ገለባ ሁሉ ከሥሩና ከጎኑ ጠቀጠቀች፤ ሸራውን ከላይ ጣለች። ከዚያ ቱይስኩን በጆንያ አድርቃ «ግቢ» አለቻት፣ ደረቱ ላይ።

«ከውሻ ጋር አልተኛም! ሄልቪ! ሰምተሻል? ይቺን ቆሻሻ ከላዬ ላይ አንሺልኝ!»

«የሷ ገላ ነው የሚያሞቅህ። ዝም ብለህ እቀፋት።»

ኦንኒ በዚህ መሐል ሸራውን ዙሪያውን እየጠቀጠቀ፣ አየር ማስገቢያዎቹንም በገለባ ሊወትፋቸው እጁን ዘርግቶ ነበር። «ይሄ ሁሉ ቀዳዳ ምንድን ነው?» አለ። «ድፍን እናድርገው እንጂ፣ ብርዱ ይገድለዋል።»

ሄልቪ ሸራውን የምታስርበትን ገመድ እንደያዘች ቆመች። የሳጥኑ የኋላ አፍ አሁን ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። ያስቀጠለችው ቧንቧ ደግሞ በመጡበት የጫካ መንገድ ድንጋይ ነክቶት ተቆርጦ ቀርቷል፤ ማርሚታው ጭሱን የሚተፋው ከካሶኒው ሥር ነው። አየሩ ከተደፈነ ጭሱ ተጠራቅሞ ሰውየውን እንቅልፍ እንደወሰደው ያስቀረዋል። ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ ነች። የምትደፍነው ደግሞ እሷ አይደለችም፤ ኦንኒ ነው፣ ያውም በቅንነት። ማንም ምንም አይላትም። እንዲያውም ጎረቤት ዳቦና ቡና ይዞ እየመጣ ያጽናናታል። ሁሉንም አሰበችው፤ ዳቦውን ሳይቀር። ሬይኖ ከውስጥ ይራገማል፣ ውሻዋ ታለከልካለች።

ቱይስኩም አብራ ትሞታለች። ሄልቪን ከሐሳቧ የመለሳት ይህ ነበር። ኋላም፣ ብቻዋን ስትሆን፣ ባሌን ያዳንኩት ለባሌ ብዬ ነው ብላ ራሷን አታላ አታውቅም።

«ተወው ኦንኒ» አለች። «ከደፈንከው ጭሱ ይገድላቸዋል።»

ቀዳዳዎቹ ክፍት ቀሩ፤ ሸራውንም ጭሱ እንዳይከማች አድርጋ ጥጉን ገልጣ አሰረችው። መሪውን እሷ ያዘች። ፍሬን ሳትረግጥ፣ በማርሽ ብቻ እያቀዘቀዘች፣ ኩርባውን እንደ ዕንቁላል ጫኝ እያለፈች ነዳች። እንደ ልማዷም መንገድ ላይ ቆመች። ወርዳ ሸራውን ገለጠችና እጇን አስገባች፤ የቱይስኩን ጆሮ ዳበሰች። ሞቋል። ከዚያ የሬይኖን ጆሮ ዳበሰች።

ሬይኖ ዓይኑን ገልጦ ያያት ነበር። ማንን አስቀድማ እንደዳበሰች አይቷል። በሕመሙ መሐል እንኳ ያችን ነገር ሳያስተውል አላለፈም።

ሐኪም ቤት በር ላይ ሠራተኞቹ ሸራውን ሲገልጡ መጀመሪያ ብቅ ያለችው ቱይስኩ ነበረች፤ ጆሮዋን አራግፋ አዛጋች። ቀጥሎ ገለባ በጢሙ የተሰካበት ሬይኖ። ከነርሶቹ አንዷ ሳቋን ለማፈን አፏን በእጇ ስትይዝ ኦንኒ አያት። ለኦንኒ ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ? በዚያው ሳምንት መጠጥ ቤቱ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ ታሪኩ በተነገረ ቁጥርም ያድግ ነበር። በመጨረሻው ሬይኖ በሳጥኑ ቀዳዳ ምላሱን አውጥቶ ነበር የመጣው ተባለ።

ሬይኖ በጸደይ ክራንች ይዞ ወደ መጠጥ ቤቱ ሲገባ ሁሉም ዞሮ አየው። ከዚያ አንዱ ከጥግ «ሃው!» አለ። ሌላው ተቀበለው። በሬይኖ ምላስ ለዓመታት የተገረፈ ሁሉ፣ አንካሳ የተባለው፣ ሚስቱ የተሰደበችበት፣ አፉን ከፍቶ ጮኸ። «ሬይኖ፣ ገለባ እናንጥፍልህ ወይ?» ይላሉ። «አጥንት አለ፣ ጠረጴዛው ሥር!» ይላሉ። ሬይኖ የተማረው መሳደብ እንጂ መሰደብ አልነበረም። መጠጡን ሳይጨርስ ወጣ። ደግሞ ተመለሰ፤ ሌላ የሚሄድበት የለውምና። ደግሞ ጮኹበት።

እግሩ ሳይድን ቀረ። ጫካ ውስጥ መሥራት፣ መኪና መንዳት አበቃ። ሄልቪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተቀጠረች፤ እሱ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ በግቢው የምትመላለሰውን ውሻ ያያል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ለአደን የሚሆን በረዶ ገና እንደ ጣለ፣ ሄልቪ ከሥራ ስትመለስ ቱይስኩ ልትቀበላት አልመጣችም። ከሳውናው ደጃፍ አገኘቻት። በረዶው ቀልቶ ነበር። ሬይኖ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ምን አደረገችህ?»

«ጮኸች» አለ።

«ውሻ አይደለችም ወይ? ምን ታድርግ?»

«አሁን አትጮህም።»

ሄልቪ ፊቱን አየችው። የሚጠብቀው ለቅሶዋን ነበር፤ ሲጠብቅ ዓይኑ ያበራ ነበር። አላለቀሰችለትም። ምድሩ በብርድ ደርቆ አይቆፈርም፤ ስለዚህ ውሻዋን ተሸክማ ሳጥኑ ውስጥ አስገባቻት፤ ወደ ረግረጉ ነዳች፤ ከጥዶቹ ሥር በቅርንጫፍ ሸፍና ተመለሰች። በአገሩ ልማድ ሰው የገዛ ውሻውን ቢገድል የሚጠይቀው የለም። ቱይስኩ በስሙም በግብሩም ደመ ከልብ ሆና ቀረች።

ቤት ገብታ ቅቅሉን አሞቀች፤ ሳህኑ ላይ አድርጋ ፊቱ አስቀመጠች። ማገዶውን ከውጭ አስገብታ እስከ መስኮቱ ድረስ ደረደረችለት። ከዚያ ልብሷን በሻንጣ ከተተች።

«ወዴት ነው?»

«እኅቴ ጋ።»

«በምን?»

«በመኪናው።»

«እኔስ? በዚህ እግር፣ በዚህ በረዶ፣ በምን እወጣለሁ?»

ሄልቪ ጓንቷን አጠለቀች። «ጩህ» አለችው። «ኦንኒ ይሰማሃል።»

ሬይኖ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ሞት እንኳ ሳይመርጠው ቆየ። ምግቡንና መድኃኒቱን የሚያመጣለት ኦንኒ ነበር፤ ጓደኛ ነዋ። ግን አንድም ቀን ሳይጮህበት በሩን አልከፈተም። ሄልቪ በእኅቷ ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። ሰላምታ ልካለትም አታውቅም። ሌላ ውሻም አልያዘችም።

ሲሞት ግን ለቀብሩ መጣች። ከቀብር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰዎች ቡናቸውን እየጠጡ ሳለ ኦንኒ፣ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ሆኖ፣ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እስከ መጨረሻው አልተውኩትም» አላት በሹክሹክታ። «በሩ ላይ እቆምና ሃው እለዋለሁ። በቀደም ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አለቀሰ። ሬይኖ! እንደ ሕፃን! "ተው በቃህ ኦንኒ" አለኝ።»

«ተውክ?»

«ምን እተዋለሁ! ደገምኩለት እንጂ።»

ሄልቪ ሳቀች። ዳቦው አፏ ውስጥ እንዳለ ሳቀች፤ ሴቶቹ ዞረው አዩዋት፤ ቄሱም አየ። ኦንኒ አብሯት ጀመረ፤ ከዚያ ፊቷን ሲያይ መሳቁን አቆመ። እሷ ግን ማቆም አቃታት። ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች፤ ኮቷን ሳትቆልፍ ወደ መኪናዋ ወጣች፤ መሪውን ይዛ ተቀመጠች። ሳቋ ሲያልቅ እንባዋን በኮቷ እጅጌ ጠረገችና ሞተሩን አስነሳች።