የአይሱዙው መድንና የእናቴ ክንድ

«ለመድን ድርጅቱ ጻፍ አልኩህ እኮ። አይሱዙው ወደ ኋላ ሲመለስ እናትህን ገጭቶ ጣላት በል። ሾፌሩ ነበር የያዘው በል።»

«አልገጫትም፣ አባባ። ከገብስ ክምር ላይ ነው የወደቀችው።»

«ግጥም ስትጽፍ ተራራ ታስለቅስ የለ፤ አሁን አንድ መስመር ውሸት ቸገረህ?»

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። የተሰበረው ቀኝ ክንዷ በነጠላ ከአንገቷ ታስሯል፤ ጣቶቿ አብጠዋል። ጠዋት ሞላሌ ጤና ጣቢያ ወስጃት፣ ቀዶ ጥገና ስለሚያስፈልጋት ደብረ ብርሃን አድርሷት ብለውናል። የጤና መድን ደብተሯን ሲገልጡት ግን የዘንድሮው አልታደሰም። የምዝገባው ጊዜም አልፏል።

ያላደሱት አባቴ ናቸው። «አምና ከፍለን ማን ታመመ?» ብለው።

«አይሱዙውስ መቼ ተገልብጦ ያውቃል?» አልኳቸው። «የሱን በየዓመቱ ቀኑ ሳይደርስ ያድሳሉ።»

«የመኪናው ሕግ ነው። ካላደስኩ ትራፊክ ያስቆመኛል።»

እውነታቸውን ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። መኪና ያለ መድን ከሞላሌ ሲወጣ እጁን ዘርግቶ የሚያስቆም አለ። እናቴ ባልታደሰ ደብተር ወፍጮ ቤት ስትመላለስ፣ ገብስ ስትከምር፣ ማንም መንገድ ላይ ቆሞ «የታለ መድንሽ?» አላላትም። የመኪናው መድን መኪናው ለሚጎዳው ሰው ነው። የጤናው መድን ደግሞ ማንም ሳይገጨው ለሚታመም፣ ከገዛ ክምሩ ላይ ለሚወድቅ። አባቴ አንዱን ገዝተው የሌላውን ሥራ ሊያሠሩት ፈለጉ፤ ለዚያ ደግሞ የእኔን እጅ።

«ሾፌሩ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ይታሰራል እኮ» አልኳቸው።

«ጥቂት ቀን ነው። አስፈታዋለሁ።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ጣልኩት። አባቴን «አንተ» ልላቸው ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዋጥኩት።

እናቴ ተነሳች።

«የጎረቤቴን ልጅ በሐሰት አሳስሬ፣ ነገ ምንጭ ስወርድ እናቱን በምን ዓይኔ ላያት ነው?»

«አንቺ ሴት፣ ክንድሽ ይቅርብሽ?»

«የራሴን ሁለት በጎች የሚገዛ ሰው ፍለጋ መሄዴ ነው። ነገ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። በአይሱዙህ አልወጣም።»

«ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። በግራ እጇ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ በሩንም በዚያው እጇ ከኋላዋ ዘጋችው።