አንድ ቆጣሪ ለአራት በር

አከራያችንን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ቆጣሪ» ይላቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውሃ ቆጣሪ ለማንበብ ከግቢ ግቢ ሲዞሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ውሻ ነክሷቸው ያውቃል፤ ያስመረራቸው ግን ውሻ ሳይሆን የጋራ ቆጣሪ ነው። ስንት ወዳጅ በአንድ ቧንቧ ሳቢያ ዓይንና ናጫ ሲሆን አይተዋል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእናቴ ጋር የምንኖረው በጋሼ ጓሮ ባለችው አሮጌ ክፍል ነበር። እናቴ እግሯ ከከዳት ወዲህ ደረጃ አትወጣም፤ በእኔ አቅም የሚከራይ ደረጃ የሌለው ቤት ደግሞ ቢፈለግ ቢፈለግ አይገኝም። የክፍሏ ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር ጋሼ እሷን አፍርሰው በቦታው አራት ክፍል ሊሠሩ ወሰኑ።

«እስኪያልቅ እህትሽ ዘንድ ቆዪ። ሲያልቅ የመጀመሪያው በር ያንቺና የእናትሽ ነው። ኪራዩም ያው የድሮው» አሉኝ።

እናቴ መረቀቻቸውና እህቴ ቤት ገባን። እህቴ ደግ ናት፤ ቤቷ ግን ፎቅ ላይ ነው። እናቴን ሁለት ሰዎች ተሸክመው አወጧት፤ ከዚያ ወዲያ መሬት አልረገጠችም።

ጋሼ ፕላኑን ሲያሠሩ ከሁሉ በፊት ያዘዙት ቆጣሪ ነው፤ አራት በር፣ አራት ቆጣሪ። ተከራዮቻቸው እንዲጣሉ አይፈልጉማ! ማዘጋጃ ቤት ሲሄዱ ግን ዱብ ዕዳ ጠበቃቸው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ ለመንገድ፣ ለውሃ መስመርና ለፍሳሽ ማስፋፊያ የልማት ክፍያ ይከፍላል። እያንዳንዱ ቆጣሪ እንደ አንድ ቤት ይቆጠራል፤ ቤቱ ጠባብ ክፍልም ሆነ ቪላ ክፍያው እኩል ነው። የጋሼ አራት ጠባብ ክፍሎች የአራት ቪላ ክፍያ መጣባቸው።

ግንበኛው መላ አላጣም። «አራቱን ይተዉና አንድ ሰፊ ቤት እንሥራ፤ መኪና ላለው ሰው ያከራዩታል» አላቸው። ይህን ወሬ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ መጥቶ ራሱ ነገረኝ። ሱሪውን ቁምጣ ላደርግበት ምንም አልቀረኝም።

በጋሼ አልፈረድኩባቸውም። ማን ከኪሱ አውጥቶ ለእኔ ይከፍላል? ለእናቴ ግን ምን ብዬ ልንገራት? በየጠዋቱ በመስኮት ወደ ታች እያየች «ግድግዳው የት ደረሰ?» ትለኛለች፤ እኔም «እየወጣ ነው» እላለሁ።

አንድ ቀን ጋሼ ፕላኑን ጠቅልለው ሱቄ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም። ሊያሰናብቱኝ የመጡ መሰለኝ።

«ሦስቱን ቆጣሪ አሰረዝኳቸው» አሉ። «ቆጣሪው አንድ ከሆነ የዋናው ቤት ሰርቪስ ተብሎ ይያዛል፣ የሚከፈለውም የአንድ ብቻ ነው ብላኛለች የማዘጋጃ ቤቷ ሠራተኛ። የአንዱን እችለዋለሁ።»

«ኪራዩስ ጋሼ?»

«ያው ነው አልኩሽ፤ ስንቴ ልማልልሽ?» አሉና ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲህ በአንድ ቧንቧ ተባሉ! ዕድሜ ልኬን የሸሸሁትን ጣጣ በገዛ እጄ ግቢዬ አስገባሁት።»

እንባዬ መጣ። «እናቴ ትሙት» ብዬ ልምል አልኩና ምላሴን ነከስኩ። «ጋሼ፣ የውሃ ጭቅጭቅ ጆሮዎ አይገባም» ብዬ ብቻ ቃል ገባሁ።

እናቴ ከፎቅ ወርዳ የመጀመሪያው በር ላይ የተቀመጠች ዕለት የጋሼን እጅ ይዛ አልለቅም አለች። ይህን ውለታ በምን እንደምመልሰው ዛሬም አላውቅም።

አሁን በግቢው አራት ቤተሰብ ነን። ቃሌን ለሌሎቹ ነግሬያቸው ተስማምተናል፤ የምንጣላው ጋሼ ሲወጡ ብቻ ነው። መጣላቱንማ እንጣላለን፣ ምን ያዋሸኛል! ሹፌሩ መኪናውን በግቢው ውሃ ያጥባል፤ ነርሷ ቧንቧ መዝጋት ትረሳለች፤ እኔም አፍ አለኝ። የጋሼ ሳል ከበሩ ውጭ ሲሰማ ግን ሁሉም ጸጥ ይላል። ገብተው ዙሪያውን ያዩና «በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ የተባረከ ግቢ አላየሁም» ይላሉ። እኛም በተንኮላችን እንስቃለን።

ሳላቸው ግን ያሳስበኝ ነበር። በቀደም ነርሷን ለምኜ ደረታቸውን አዳመጠችልኝ። ምንም የለባቸውም። ለእናቴ ብነግራት ሳቀች። እሷ ቀኑን ሙሉ ደጃፋችን ላይ ፀሐይ ስትሞቅ የምትውለው ከውጭው በር ፊት ለፊት ነው።

«አንቺ ሞኝ» አለችኝ፤ «ስትጨቃጨቁ ይመጡና ከበሩ ውጭ ይቆማሉ፤ በስንጥቁ አያቸዋለሁ። እስኪበርድላችሁ ይጠብቃሉ። አልበርድ ሲላችሁ ነው የሚስሉት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቃልሽን እሳቸው እየጠበቁልሽ፣ እኔ ምን አገባኝ?»

በማግስቱ ከሹፌሩ ጋር እንደተያያዝን የጋሼ ሳል ተሰማ። ሁሉም ዝም አለ። እኔ ግን ወደ በሩ ዞሬ «ጋሼ፣ ይግቡ፤ ጨርሰናል!» አልኩ።

ከውጭ ሳቃቸው መጣ።

«ማን አሸነፈ?» አሉ።