በወንድሙ ኮት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሳሎን ቁጭ ብላ ራሷን በስልኳ ትቀርጽ ነበር። አዲስ የገዛችውን ክብ መብራት አንዴ ፊት ለፊቷ፣ አንዴ ከጎኗ እያቆመች ስትሞክር፣ ድንገት ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ዓይኗ ጥላ ውስጥ ገብቶ፣ ለቅጽበት ሌላ ሰው መሰለችኝ። "አጥፊው!" ብዬ ጮህኩ። እሷ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ተነስቼ ራሴ አጠፋሁት።

ሃያ አራት ዓመቴ ሳለ ዲላ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ያኔ በከተማው ካሜራ የምትይዝ ሴት ብዙ ስላልነበረች፣ እኔን ለማየት ብቻ ፎቶ የሚነሳም ነበር። ስቱዲዮው ጠባብ ነው። ሐይቅና ዳክዬ የተሳለበት መጋረጃ፣ ሁለት ባለ እግር መብራቶች፣ ከዚያ እኔው የሚያብለጨልጭ ብርማ ወረቀት የለጠፍኩበት ካርቶን። ካርቶኑ ብርሃኑን እየመለሰ የፊትን ጥላ ያለሰልስልኛል። ተማሪውም፣ ሙሽራውም፣ መዘምራኑም የሚፈልጉት ያንኑ ነው፤ ፊታቸው ጠርቶ፣ ድካማቸው ጠፍቶ መታየት።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ቡና የሚለቀምበት። ከቡና ማጠቢያዎቹ የሚነሳው የገለፈት ሽታ፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነው፣ ስቱዲዮው ድረስ ይገባል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አለሚቱ የሚባሉ እናት ከልጃቸው ከምህረቱ ጋር ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከጪጩ መጡ። ምህረቱ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። በዚያ ሙቀት ትከሻው ላይ የሰፋ ጥቁር ኮት ለብሷል።

"የሱን አይደለም" አሉኝ እናትየው። "የታሪኩን ነው የምፈልገው። የታላቅ ወንድሙን።"

ታሪኩ በክረምቱ ሞቷል። አንድም ፎቶ አልነበረውም። ኮቱ የእሱ ነው። ጎረቤት ሁሉ ወንድማማቾቹ ይመሳሰላሉ ስለሚል፣ ምህረቱ ኮቱን ለብሶ ይቀመጥና እኔ ታሪኩን እንዳወጣላቸው ነው የመጡት።

እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን ወጣት ነበርኩ፤ በሙያዬም እኮራለሁ። "ይቻላል እማማ፤ እርስዎ ብቻ ይምሩኝ" አልኳቸው።

ሁለቱንም መብራት አብርቼ አነሳሁት። እናትየው ከኋላዬ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄማ ምህረቱ ነው። ታሪኩ ጉንጩ ገባ ያለ ነበር።" አንዱን መብራት አጠፋሁ። ካርቶኑን ወደ ጎን አደረግኩ። የቀረውን መብራት ወደ ግራው ወስጄ ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩት። "እሱ ነው?" እላለሁ። "ገና" ይላሉ። "አሁንስ?"

"ትንሽ ወደ ላይ… ትንሽ… ተይው ልጄ!" አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "እሱ ነው።"

ከዚያ፣ ከገበያ አምሽቶ ለመጣ ልጅ እንደሚናገሩ ሆነው፣ "ምነው ዘገየህ ታሪኩ?" አሉ።

ምህረቱ አልተንቀሳቀሰም። "መንገዱ ጭቃ ነበር፣ እማዬ" አለ።

ሲገባ ሰላም ያለኝ ድምፅ አልነበረም። ይሄኛው ወፈር፣ ረጋ ያለ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት።

በማግስቱ ፎቶውን ሳጥብ፣ በጨለማ ክፍሉ ቀይ አምፖል ሥር መጀመሪያ የወጣው ኮቱ ነው፤ ፊቱ ዘግይቶ መጣ። ወይዘሮ አለሚቱ ሊወስዱ መጥተው ትኩር ብለው አዩት። "ጠባሳውን ማን ነገረሽ?" አሉኝ። ግራ ቅንድቡ ላይ ቀጭን መስመር ነበረች። ታሪኩ ልጅ ሳለ ከዛፍ ወድቆ ያገኛት ናት። የምህረቱ ቅንድብ ግን ሙሉ ነው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁ፤ መስመሯ እዚያም አለች። ጭረት ነው አልኩ። ዛሬም ጭረት ነው እላለሁ፤ ሙሉ በሙሉ አምኜው ግን አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ምህረቱ ብቻውን መጣ። ኮቱን እንደለበሰ ነው። ከስቷል፤ ያለ መብራትም ጉንጩ ገብቷል።

"እቤት ስሜ ጠፋ" አለኝ። "ሰው ይመጣል፣ ግድግዳው ላይ ፎቶውን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያይና ዝም ይላል። እማዬ ታሪኩ እያለች ትጠራኛለች። ትናንት ሳላስበው አቤት አልኳት።"

"እዚህም መልሰህላት ነበር እኮ። መንገዱ ጭቃ ነው ብለህ።"

ፈዝዞ አየኝ። "እኔ? ምንም አላልኩም።"

ከዚያ "እኔን አንሺኝ" አለ። "ደጅ። ያለ መብራት።"

ቅዳሜ ማለዳ ጪጩ ሄድኩ። ከቤታቸው ጓሮ፣ ከእንሰቱ ጥላ ጠርዝ ላይ፣ ፊቱ ወደ ክፍቱ ሰማይ እንዲሆን አድርጌ አቆምኩት። እንዲህ ያለ ብርሃን ማንንም አይለውጥም። እሱ ግን ቀና በል ባልኩት ቁጥር ፊቱን ወደ ጥላው ይመልሳል፤ ግማሹ ይጨልማል። ሳያውቀው ነው። አገጩን ይዤ አቀናሁለት፤ መልሶ ዞረ።

"ኮቱን አውልቅ" አልኩት። ቁልፎቹን ለመፍታት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። "አሁን ታሪኩ የማያውቀውን አንድ ነገር ንገረኝ።"

"ሬዲዮኑን" አለ። "ወንዝ የጣልኩበት እኔ ነኝ። ሌባ ወሰደው ብዬው፣ አብረን ሌባ ስንፈልግ ዋልን።" ሳቅ ጀመረው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ያን ጊዜ አነሳሁት።

ፎቶውን ራሴ ወሰድኩላቸው። ወይዘሮ አለሚቱ ቆጮና ጎመን አቅርበውልኝ፣ ፎቶውን ይዘው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ታሪኩ ከግድግዳው ላይ ቁልቁል ያየናል።

"ይሄ ማነው?" አሉ።

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

"ምህረቱ ነኝ፣ እማዬ" አለ ልጁ።

ፎቶውን አዩ፤ እሱን አዩ፤ ደግመው ፎቶውን አዩ። ከዚያ ተነስተው ጉንጩን በመዳፋቸው ያዙት። "አንተ ልጅ፣ እስካሁን ወዴት ሄደህ ነው?" አሉትና እዚያው ደረቱ ላይ አለቀሱ። ታሪኩ ከሞተ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣቸውም ነበር ብሎ ምህረቱ በኋላ ነገረኝ።

ምህረቱ አሁን ገደብ ከተማ መምህር ነው፤ የሦስት ልጆች አባት። ዲላ ሲመጣ ብቅ ይላል፤ ስለዚያ ኮት ግን አውርተን አናውቅም። እኔ አወራለሁ፣ ብቻዬን። ሟች እንዲታይ መብራት ማዞሬን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ የእናት ሐዘን ነው፣ ዛሬም ቢሆን እምቢ የምላቸው አይመስለኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እናትየውን እሱ ነው ወይ እያልኩ ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ግን አንተስ ትፈልጋለህ ወይ ብዬ አንድ ጊዜም አልጠየቅኩትም።