በሰማያዊ መኪና ላይ የታሰረ ቀይ ክር

የልጄ መኪና ላይ የቀለም መጠበቂያ ላስቲክ እንዲለጠፍ ጨቅጭቄ ያስደረግሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ጥፋቱን ሁሉ በለጠፈው ሰው ላይ የምከምር እንዳይመስል።

ልጄ የቢሮ ሥራዋን ለቅቃ ጥቁር ሰማያዊ መኪና ገዛች። መኪናዋ ከሌላ ሰው እጅ የመጣች ብትሆንም ቀለሟ ፊት ያሳይ ነበር። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል እንግዶቹን ከአውሮፕላን ማረፊያ የምታመላልስ መኪና ይፈልግ ስለነበር፣ ሰኞ ጠዋት አምጥታ እንድታስፈትሽ ቀጠሯት። የሆቴሉ የትራንስፖርት ኃላፊ፣ "እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው መኪናውን ነው፤ እንከን ካየሁባት አልቀበላትም" ብሏታል። ያንኑ ሥራ የሚጠብቁ ሌሎች ሾፌሮች ነበሩ። ልጄ ደግሞ የምትመለስበት ቢሮ አልነበራትም።

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጆቼን ሳሳድግ የቤቱን በር ቆልፌ ከሄድሁ በኋላ ተመልሼ የምነካካ፣ ምድጃው መጥፋቱን ሁለቴ የማይ ሰው ነበርሁ። ዛሬም እንዲያው ነኝ። በዚያ ሰሞን አንድ ባጃጅ ከደጃችን የቆመውን የጎረቤት መኪና ከጫፍ እስከ ጫፍ ፋቀው። ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ሲያልፍ ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ወደ በር መሮጥ ጀመርሁ። ጎረቤቴ፣ "ቀለም ከጭረት የሚጠብቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ አለ፤ ቀለሙ ላይ ይለጠፋል" ስትለኝ ነፍሴ መለስ አለች። ልጄ ግን አልፈለገችም ነበር። ሳምንት ሙሉ ስነዘንዛት ሐሙስ ዕለት ሐይቁ አጠገብ ካለ አንድ መኪና ማስዋቢያ ወስዳ አስለጠፈችው።

ዓርብ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ወጣሁ። ኮፈኑ ላይ፣ ከላስቲኩ ሥር፣ ያልተነፋ ዱቄት የተበተነ ይመስላል። እዚህም እዚያም ውሃ ቋጥሮ አብጧል። ከፊት መብራቱ አጠገብ የላስቲኩ ጠርዝ ተነሥቶ አቧራ መያዝ ጀምሯል። ላስቲኩ ከመለጠፉ በፊት ይህ አንዱም አልነበረባትም።

ልጄን ጠራኋት። ዐይኗን እያሸች ወጣች።

"ሲደርቅ ይጠፋል ብሎኛል" አለች።

"ምኑ ነው የሚጠፋው?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም ነው ያለሽ?"

"እማዬ፣ ገና በጠዋት አትጀምሪኝ! አስለጥፊ አልሽ፣ አስለጠፍሁ። አሁን ደግሞ ምን ልሁን?"

ድምጿ ሲሰባበር ሰማሁት። ስለ ሰኞ እያሰበች ነበር። እኔም ሌላ የማስበው አልነበረኝም።

የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ያስተማረኝ ጨርቅ ፋብሪካው ነው። ብዙ ዓመት የሠራሁት ፍተሻ ክፍል ነበር። ጨርቁ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ እየተጎተተ ያልፋል፤ እኛ ቆመን እናያለን። ክር የዘለለበት፣ ዘይት የነካው፣ ቋጠሮ ያለበት ቦታ ሲመጣ ጨርቁን አስቁመን በዚያው ትይዩ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር እናስራለን። አለቃችን ሁልጊዜ፣ "ክር ያላሰራችሁበትን ጥፋት አላያችሁትም ማለት ነው" ትለን ነበር። መጮህና መነታረክ እዚያ ቤት አይሠራም። ክሩን ያየ ሁሉ ነገሩን ይረዳል።

ስለዚህ ቤት ገባሁና ቀይ ክር፣ ነጭ ክርና የወረቀት ፕላስተር ይዤ ወጣሁ። እያንዳንዱን ቦታ በአውራ ጣቴ ጫን አልሁት። ከሥሩ የሚሸሽ ከሆነ ውሃ ነው፤ ሊደርቅ ይችላል፤ አጠገቡ ነጭ ክር ቆርጬ በፕላስተር ለጠፍሁ። የማይሸሽ፣ ጣት የሚቆረቁር ከሆነ ግን ቀይ። ወገቤ እስኪቆረጥ ድረስ መኪናዋን ዞርኋት። ስጨርስ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

"ኩፍኝ የወጣባት አስመሰልሻት እኮ" አለችና ሳትወድ ሳቀች።

"እስከ ነገ አትንኪያት" አልሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን አየናት። ነጭ ክር ካለባቸው ብዙዎቹ ጎድለዋል፤ አንዳንዶቹ ጨርሰው ጠፍተዋል። ሰውዬው በዚህ አልዋሸም። ቀዮቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ክሮቹን ሳናነሣ ተነሥተን ሄድን። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ እየዞረ ያየን ነበር፤ ልጄ መነጽሯን አጠለቀች።

የማስዋቢያው ባለቤት ልጄን በዕድሜ ብዙ የማይበልጥ ጎልማሳ ነው። ብቻውን ይሠራል። መኪናዋን ሲያይ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

"ምነው፣ ለሠርግ አስጌጣችኋት እንዴ?"

"ጤና ይስጥልኝ ልጄ" አልሁት።

"እግዜር ይመስገን እማማ። ለልጅዎ ነግሬያት ነበር እኮ፤ ሲደርቅ ይጠፋል። ሴቶች ትቸኩላላችሁ።"

"ነጭ ክር ያለበት እንዳልኸው ደርቋል። እውነትህን ነው። አሁን ቀዩ ጋ ና፣ ጣትህን አሳርፍ።"

ማሳረፍ አልፈለገም። ቆሜ ጠበቅሁት። ኋላ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጫን አደረገ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ፊቱ ተለወጠ።

"አቧራ ይሆናል" አለ። "ነፋስ ያመጣው።"

"በምን ውሃ ነው የለጠፍኸው?"

"እንዴት በምን ውሃ? በውሃ ነዋ! ሳሙና ጨምሬ። የዚያን ቀን ቧንቧ ጠፍቶ ስለነበር ከዚሁ ቀዳሁ።" በአገጩ ሐይቁን አሳየኝ።

ያደግሁት ደልጊ ነው፣ ከሐይቁ ማዶ። ክረምት ወጥቶ እንደ አሁኑ መስከረም ሲገባ ውሃው ደለል ተሸክሞ ይመጣል። ቀድተን ሳናሳድር፣ ጭቃው እንስራው ሥር ሳይረጋ፣ አንጠጣም ነበር። እዚህ ባሕር ዳር ከተማ ሰዉ መኪናውን በሐይቅ ውሃ ሲያጥብ ዘወትር ይታያል፤ ለማጠብ ግድ የለውም፣ ታጥቦ ይወርዳል። ከላስቲክ ሥር የገባ ግን የት ይወርዳል?

ነጭ መሐረቤን አወጣሁና ውሃውን ከቀዳበት ጀሪካን ቀስ ብዬ አፈሰስሁበት። ውሃው አለፈ፤ መሐረቡ ላይ ቡናማ ነገር ቀረ። በጣቴ አሸት አሸት አድርጌ ዘረጋሁለት። እሱም አሸው።

"እኔ እኮ ለቸኮላችሁ ብዬ ነው" አለ በመጨረሻ። እውነቱን ነው፤ ልጄን ዛሬውኑ ካልሆነ ብዬ ያጣደፍኋት እኔ ነበርሁ።

እልህ ያዘውና የተነሣውን ጠርዝ ጨብጦ ሊቦጭቀው ተሳበ። ያኔ ጮህሁ፤ በሁለቱ ቀናት ውስጥ ያን ጊዜ ብቻ ነው የጮህሁት።

"ተው! ቀለሟን ይዞብህ እንዳይመጣ! እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ ብለህ!"

ደንግጦ ለቀቀው። ከዚያ ሙቅ አየር የሚነፋውን መሣሪያ አመጣ። እሱ እያሞቀ፣ ልጄ ጠርዙን ወደ ኋላ አስተኝታ ቀስ እያለች እየሳበች፣ እኔ ከፊት ለፊት ቀለሙን እያየሁ ሠራን። ሙጫው ገና ሁለት ቀኑ ስለሆነ እሺ ብሎ ተላቀቀ። "ቁም" ስል ይቆማሉ፣ "ቀጥል" ስል ይቀጥላሉ። ልጄ አንድ ጊዜ ቀና ብላ፣ "እማዬ፣ ፋብሪካ ውስጥም እንዲህ ነበርሽ?" አለችኝ። ከዚህ እብስ ነበር አልኋት።

ኮፈኑም ከፊት መብራቶቹ ሥር ያለው ፓራውልትም ንጹሕ ሆነው ወጡ። የሾፌሩ በር እጀታ ሥር ግን ጥፍሬ አንድ ነገር ያዘ። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ነው። ላስቲኩን ሲቆርጥ ምላጩ ቀለሙን ነክቶታል። ባለቤቱን ጠርቼ ጣቱን ይዤ አሳረፍሁት።

"እዚህስ?"

"እዚህ እኔ ነኝ" አለ። አልተከራከረም። በፖሊሽ እያሸ ብዙ ደከመ፤ ለዐይን ጠፋ፣ ለጥፍር ግን አልጠፋም።

ከዚያ አዲስ ላስቲክ አምጥቶ በተጣራ ውሃ በነጻ ልለጥፍ አለ። ነገር ግን ያለው ቁራጭ ለኮፈኑ እንኳ አይበቃም፤ ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሰኞ ያልፋል። ልጄ እኔን አየችኝ። ሁለቱም የእኔን ፍርሃት የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እኔ ደግሞ ቀለሙን አየሁት። ሐይቁ፣ ዛፉ፣ የሦስታችንም ፊት ያለ አንዳች እንከን ይታይበታል።

"ይቅር" አልሁ። "እንዲሁ ትሂድ።"

"ባጃጅ ቢፍቃትስ?" አለች ልጄ፣ የእኔኑ ድምፅ አስመስላ።

"ሲፍቃት እናየዋለን። ያለው እንከን ሰኞን ሊያስቀርብሽ ነበር፤ ያልመጣውን ባጃጅ ተይው።"

ሰኞ ጠዋት አብሬ እሄዳለሁ ስል ልጄ ለሁለት ነገር አስማለችኝ፦ ከመኪናዋ ላልወርድ፣ ካልተጠየቅሁም ላልናገር። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ በመስኮት መመልከት ጀመርሁ። ኃላፊው ረጅም፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው። ኮፈኑን ዞረ፣ ጎንበስ ብሎ በብርሃኑ አንጻር አየው። እኔም የማየው እንዲያው ስለነበር ሥራውን እንደሚያውቅ ገባኝ። ከዚያ ፓራውልቱ ሥር ቁጢጥ አለና አንድ ነገር ላጥ አድርጎ አነሣ። ቁራጭ ፕላስተር ነው፤ ቀይ ክር ተንጠልጥሎበታል። ከላስቲኩ ጠርዝ ውጭ ተለጥፎ ስለነበር ክሮቹን ስናነሣ አምልጦናል።

"ይህ ምንድን ነው?"

ልጄ ዐይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

"ተፈትሿል ማለት ነው" አለችው።

"ማን ፈተሸው?"

ወደ እኔ አመለከተች። ኃላፊው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አየኝ። እጅ ነሣሁ። ተመልሶ በእጀታው ሥር ጥፍሩን አሳለፈና ቆም አለ።

"ይችንስ አይተዋታል እናቴ?"

ተጠየቅሁ። ስለዚህ መናገር እችላለሁ።

"አይቻታለሁ። የምላጭ ናት። ከእሷ ሌላ የለባትም፤ ካገኙ ያሳዩኝ።"

ሳቀ። እንደገና አንድ ዙር ዞረ፤ ሌላ አላገኘም። ለልጄ የሥራ ወረቀት ሰጣትና፣ "ከሰዓት በኋላ ሁለት እንግዶች አሉሽ፤ እንዳትዘገዪ" አላት።

በእኛ ፋብሪካ ቀይ ክር ማለት "ጥፋት እዚህ አለ" ማለት ነበር። ይህን ለኃላፊው አልነገርሁትም።

እሷ ለሥራዋ ልትዘጋጅ ስትቀር እኔ በባጃጅ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። የቆሙ መኪኖች አጠገብ ስንደርስ ፈቀቅ እንዲል ሾፌሩን ሦስት ጊዜ ነገርሁት።