ጻድቃንና ኃጥአን ምሁራን

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ በአንድ የሥዕል ፍሬም ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ጥንታዊ ሥዕል የሚሰበስብ ሽማግሌ አሜሪካዊ ነው። አንድ ቀን ጠርዙን ውሃ የነካው ሥዕል “ላንተ ይሁን” ብሎ ሰጠኝ። መዳብ ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ ነው። አንድ ጢማም የድሮ ዘመን ምሁር ጎኑን ሰጥቶ ቆሞ፣ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት መሳይ ነገር ወደ ዓይኑ አንስቷል። ምን እንደያዘ ሳላውቅ ወደድኩት።

ወስጄ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ ሰቀልኩት። በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ ጠጋ ብለው አዩትና አማተቡ።

“በስመ አብ! ይሄን ከየት አመጣኸው? አንድ ዓይን ብቻ!”

በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያይሃል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፤ ወይ ሰማዕታትን የሚገርፍ ወታደር። ይሄን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ስሰቅለው እንዴት ትዝ እንዳላለኝ!

“ኧረ እማማ፣ ምሁር እኮ ነው።”

“ምሁር ከሆነ ፊቱን ምን አዞረው?”

አማት ናቸው፤ ምን ይባላል? ንዴቴን ዋጥ አደረግኩት። ያን ሰሞን ደግሞ ላስቀይማቸው አልፈለግኩም። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፣ ግራውንም ጀምሮታል። ዶክተሩ ሰርጀሪ ካላደረጉ ሁለቱም ይጠፋሉ ብሎናል። እሳቸው ግን “ዓይኔን ቢላዋ አላስነካም፤ ደህና አያለሁ” ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሚስቴ ብትቆጣም ብታለቅስም አልሆነላትም።

ቅዳሜ ሚስቴ ሥራ ስለገባች አማቴን ይዤ ወደምሠራበት ሱቅ ሄድኩ። ለባለቤቱ የአንድ ዓይኑን ነገር ስነግረው ደስታውን አልቻለውም። መሳቢያ ሙሉ ምሁራን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረላቸው። አማቴም ወንበር ስበው ፍርድ ጀመሩ። ሉል ያቀፈው ሁለት ዓይን አለው፣ ወደ ቀኝ። ኮምፓስ የያዘውም ወደ ቀኝ። ባለ ቆቡ በጎን ነው፣ ወደ ግራ። ባለቤቱ “ይሄ እኮ ትልቅ የሒሳብ ሊቅ ነበር” እያለ ቢማልድለት፣ እኔም ባስተረጉም፣ ወይ ፍንክች!

ከኃጥአኑ መካከል አንዱ እንደኔው ሥዕል ሰውዬ ያን ቀለበት ይዟል። ነገሩ ሲከነክነኝ ስለከረመ ባለቤቱን ጠየቅኩት። ኮከብ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳለ መለኪያ ነው አለኝ። ለአማቴም ነገርኳቸው።

“በዚች?” አሉ ተገርመው።

ባለቤቱ በደንብ እንዲያዩት አጉሊ መነጽር አቀበላቸው። በግራ ዓይናቸው ጎንበስ ብለው ቆዩ። ጉንጩም፣ ጢሙም፣ የልብሱ ጥላም ቀጫጭን ጭረት ብቻ ነው።

“ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ጭረት አለው እንዴ?”

መነጽሩን አነሱት፤ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፤ መልሰው መነጽሩን ደቀኑበት።

“አንተ ያለዚህ ይታይሃል?”

“አዎ እማማ።”

መነጽሩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ባለቤቱ ያስቀየማቸው መስሎት እኔን እኔን ያያል።

“ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ” አሉ በመጨረሻ። “እዚህ አገር ኮከብ ይወጣል እንዴ?”

“ይወጣል እንጂ! ትናንት ባልኮኒው ላይ ስንቀመጥም ነበር።”

“እኔ እኮ አሜሪካ ኮከብ የለም ብዬ ዝም ብያለሁ።”

አንጀቴን በሉት። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

“በል፣ ለዶክተሩ ደውልለት።”