የሚጎትተው ቴፕ

ታናሽ ወንድሜ ቁጭ ብሎ አያውቅም። እንግድነት ሲሄድ እንኳን ወንበር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ፣ እጁ ጠረጴዛው ላይ ካለው ዕቃ ላይ ነው። ልጅ ሳለ እናታችን ልብስ ስትሰፋ አርፎ እንዲቀመጥላት ቁልፍ የሞላ ቆርቆሮ ትሰጠው ነበር። እሱ ቁልፎቹን በቀለም ይለያል፣ ይደባልቃል፣ በቀዳዳቸው ቁጥር ይለያል፣ ደግሞ ይደባልቃል። እናታችን የምትፈልገውን ቁልፍ ስታጣ "የት አደረግኸው?" ትለዋለች። "ቦታው ላይ!" ይላታል። ቦታው የት እንደሆነ ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ይኸው አርባ ዓመት ሞላው፤ አመሉ ግን ፈቅ አላለም።

ሁለታችንም የምንሠራው አንድ ክር ማቅለሚያ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ክር አጠነጥናለሁ፣ እሱ ማሽን ይጠግናል። ቤቱ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉት። አንዱ ቢሮ ነው፣ አንዱ እኛ አጠንጣኞቹ ክፍል፣ ሦስተኛው ማቅለሚያው ክፍል መስኮት ላይ፣ እንፋሎት እንዳይገባበት በላስቲክ ተጠቅልሎ። የተገዙት ትእዛዝ እንድናይባቸው ነበር፤ እኛ ግን ዘፈን ሞላንባቸው። ያገኘ ሁሉ በፍላሽ እያመጣ ይገለብጣል። አንዱ ዘፈን አምስት ቦታ በአምስት ስም ተቀምጧል፤ ስም ያጣው ደግሞ ሁሉም "ትራክ አንድ" ነው። የሠርግ ዘፈን ብለሽ ስትከፍቺ የእንግሊዝኛ ትምህርት ይጮኽብሻል።

ወንድሜ ይህን ሲያይ ሰውነቱን በላው። ማሽን ጠግኖ በጨረሰ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ይጣዳል። ሦስት ወር ሙሉ የዘፋኙን ስም፣ ዓመቱን፣ የካሴቱን ሽፋን ሳይቀር እየፈለገ ለእያንዳንዱ ዘፈን ሰጠው። ድጋሚውን አጠፋ፣ የሚንኮሻኮሸውን በጥሩ ቅጂ ቀየረ። ከዚያ ሦስቱን ኮምፒውተሮች በገመድ አገናኝቶ ሁሉንም ዘፈን አንድ ፎልደር ውስጥ ከተተ። የወንድሜም ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ ፎልደር ሆነ።

"አሁን አንድ ቦታ ሲስተካከል ሦስቱም ቦታ ይስተካከላል" አለን፣ ደረቱን ነፍቶ።

"አንድ ቦታ ሲበላሽስ?" አልኩት።

"አይበላሽም።"

ልጁ እንዲህ ነው። ምን ይደረግ!

ማቅለሚያው ክፍል ውስጥ እትዬ ቀይ የምንላቸው ሴትዮ አሉ። መልካቸው ጠይም ነው፤ ስሙ የወጣላቸው ከሚነክሩት ክር ነው። ሠላሳ ዓመት ቀይ ነክረዋል። ምንጣፍ ሠሪዎቹ ከእሳቸው እጅ ያልወጣ ቀይ አይገዙም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እንፋሎት ገብቶበት ከቆመ ዘመን ሆኖታል፤ ስለዚህ እትዬ ጊዜ የሚለኩት በአንድ የድሮ ካሴት ነው። ክሩ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ካሴቱ ይከፈታል። አንዱ ፊት ሲያልቅ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ይገለብጡታል፤ በሁለተኛው ፊት ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ "አሁን!" ይላሉ፣ ክሩ ይወጣል። አምና ቴፑ በጣም ሲያረጅ ወንድሜ ካሴቱን እንዳለ፣ ከነዝምታው፣ ከነመገልበጡ፣ ኮምፒውተር ላይ ቀዳላቸው። ቀዩም ያው የድሮው ቀይ ሆኖ ቀጠለ።

ያን ትልቅ ጽዳት ሲጀምር እትዬ ጠርተው፣ "የኔን ዘፈኖች ቅደም ተከተል እንዳትነካብኝ" አሉት።

"አልነካም እትዬ" አለ። እውነትም አልነካም።

ጽዳቱ ካለቀ በኋላ ቀዩ መገርጣት ጀመረ። አንድ ገንዳ፣ ሁለት ገንዳ፣ ሦስት ገንዳ። ምንጣፍ ሠሪዎቹ ክሩን መለሱት፤ ከበፊቱ አጠገብ ሲቀመጥ የታመመ ሰው ይመስላል። ቀለሙ ተመረመረ፣ ውሃው ተመረመረ፣ ምንም የለም። እትዬ ክሩን መስኮት ጋ እየወሰዱ ያገላብጡታል፤ ጠዋት ያዩትን ከሰዓት ደግመው ያያሉ። አንድ ሐሙስ መነጽር አድርገው መጡ። በመነጽሩ ደግሞ ገንዳው ደፍ ላይ ይደናቀፉ ጀመር።

ሥራ አስኪያጇ መጥፎ ሰው አይደለችም። በዚያው ሐሙስ ቀስ ብላ፣ "እትዬ፣ ዓይንዎ ደክሟል። ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ቢሆኑ ይሻላል፤ ቀዩን ሌላ ሰው ይሞክረው" አለቻቸው። እትዬ "እሺ ልጄ" ብቻ አሉ። መጋዘን ውስጥ ምንም የሚታይ ቀለም የለም፤ ሁሉም በጆንያ ውስጥ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ወንድሜ ማቅለሚያው ክፍል አዲስ ድምፅ ማጉያ ሊሰቅል መሰላል ላይ ወጣ። እትዬ ገንዳውን እያማሰሉ ለብቻቸው፣ "ዘንድሮ ዘፈኑም ይሮጣል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ" አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም። ብሎን መፍቻውን በጥርሱ እንደነከሰ ወርዶ፣ ወደኔ መጣና ፊቱ ኖራ መስሎ ቆመ።

"እትዬ ዓይናቸው ደህና ነው" አለኝ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

"ምን አድርገህ?"

"ቴፑ ይጎትት ነበር። ስቀዳው የተቀዳው የሚጎትተው ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ ዘፈኖቹን በትክክለኛ ፍጥነት በሚሄዱ ቅጂዎች ቀየርኳቸው። በመሀል ያለውን ዝምታ ቆረጥኩት፣ መገልበጫውንም ቆረጥኩት። ክሩ ያለጊዜው እየወጣ ነው።"

"ስንት ደቂቃ?"

"አምስት? ስድስት? በምን አውቃለሁ! የድሮውን ቆሻሻ ነው ብዬ ሰርዤዋለሁ።"

"ከሌላው ኮምፒውተር አምጣዋ።"

ራሱን ነቀነቀ። አንድ ቦታ ሲሰረዝ ሦስቱም ቦታ ይሰረዛል።

"በል አሁኑኑ ሂድና ንገራቸው" አልኩት።

"ማረጋገጫ ሳልይዝ? ሥራ አስኪያጇ በግምት ሌላ ገንዳ ክር አትሰጠኝም። ቴፑን ላግኝ፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ።" ስድብ አፌ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት። በኋላ ሳስበው መዋጥ አልነበረብኝም።

ቅዳሜ ያረጀው ቴፕ አምና የተጣለበት መጋዘን ገብቶ ጆንያ ሲገለብጥ ዋለ። ቴፑ ከሥር ተቀብሮ ተገኘ፤ ካሴቱም ሆዱ ውስጥ ነበር። ቤት አምጥቶ ሰካው። ዘፋኙ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው እየተጎተተ ወጣ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል ወንድሜ ብሎን መፍቻ ይዟል።

"ትንሽ ዘይት ብቻ..."

"እንዳትነካው!"

"ከዚህ ብሶበት የካሴቱን ክር ቢበላውስ?"

"እንዳትጠግነው አልኩህ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀይ ያወጣው እኮ ይሄ መጎተቱ ነው።" ብሎን መፍቻውን ቀምቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እሁድን ጠረጴዛውን ሲዞር ዋለ። ሄዶ ያየዋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። እጁ ሥራ ሲያጣ የኔን የስፌት ክሮች በውፍረታቸው ደረደረልኝ። እስካሁን ነጩን እየፈለግኩ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቴፑን እንደ ሕፃን አቅፎ ቢሮ ገባ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ የእትዬ ዓይን አይደለም። አንድ ገንዳ ብቻ ስጪኝ" አላት። ሥራ አስኪያጇ ታሪኩን ሁለት ጊዜ አስደገመችውና ፈቀደች።

እትዬ ለመጋዘን የሚሆን ንጹሕ ሽርጥ ታጥቀው ነበር የመጡት። ምንም ሳይጠይቁ የድሮውን ታጠቁ። ክሩ ገባ፣ ካሴቱ ተከፈተ። ያ የተጎተተ ድምፅ ክፍሉን ሲሞላው እትዬ ቀና አሉና የሚያማስሉበት እጃቸው ዘገየ፤ እንደ ዱሮው። የመጀመሪያው ፊት ሲያልቅ እጃቸውን ጠረጉ፣ ካሴቱን አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ ቀስ ብለው ገለበጡት። ወንድሜ ሊረዳቸው ሁለት ጊዜ ተንደርድሮ ሁለት ጊዜ በሸሚዙ ጎትቼ መለስኩት። በመጨረሻ ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ወሽቆ ቆመ። ሦስተኛው ዘፈን አለቀ፤ ዝምታው መጣ።

"አሁን!" አሉ እትዬ።

ክሩ ወጣ፣ ታጠበ። ሥራ አስኪያጇ የአምናውን ናሙና አመጣችና አጠገቡ አስቀመጠችው። ሁለቱን መለየት አልቻለችም፤ እኛም አልቻልንም። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ" ብላ አቀፈቻቸው።

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ወንድሜ ዞሩ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ዓርብ።"

"ዓርብ" አሉ። "እኔ እኮ ቅዳሜንና እሁድን ዓይኔን በሻሽ አስሬ ነው የዋልኩት። ዓይኔ ሲጠፋ ቤቴ ውስጥ መንገዱ እንዳይጠፋብኝ ብዬ፣ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ምድጃ እርምጃ ስቆጥር።"

ከወንድሜ ኋላ የተደፋ ባልዲ ነበር፤ እሱ ላይ ቁጭ አለ። አጠገቡ የተዘበራረቀ የክር ክምር ነበር፤ አልነካውም። ክሩ ተጨምቆ እስኪሰጣ ድረስ እዚያው ተቀምጦ ነበር።